ቡፌ ላይ ያረፈ ዶክትሬት

ከሰበታ ተነሥታችሁ፣ በቡራዩ ዞራችሁ፣ ሱሉልታ ድረስ በእግራችሁ ብትሄዱ እንደ እኔ የሚታመን ሰው አታገኙም። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ጉራም ከሆነ ዩኒቨርሲቲ የመዘገበው ጉራ ነው። ዶክትሬት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የምሠራውም ስለ መታመን ነው። ሌላው ሰው እንዲሁ በደፈናው ይታመናል። እኔ ግን መታመንን በምዕራፍ ከፋፍዬ፣ ሠንጠረዥ አስገብቼ፣ የግርጌ ማስታወሻ ጽፌለታለሁ።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ታዲያ ዳቦ ግዛ ብላ ስትልከኝ ገና ከግቢው ሳልወጣ ለባለሱቁ ትደውላለች። ስድስት ዳቦ ነው ያዘዝኩት፣ ስድስቱንም በቆጠራ አስረክበው ትለዋለች። አምስት ይዤ ከገባሁ ስድስተኛው የት እንደ ቀረ አትጠይቀኝም፤ ሸሚዜን ታራግፈዋለች።

የጥናቴን ነገር ባጭሩ ላስረዳችሁ። (እኔ ባጭሩ ስል የሚያውቁኝ ሰዎች ወንበር ይስባሉ።) አውሮፕላኖች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ ማኮብኮቢያው አንድ ነው። ማን ይቅደም፣ ማን ዞሮ ይምጣ የሚለውን የሚወስነው የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ የሚባል ምስኪን ሰው ነው። የእኔ ሥራ ለዚህ ሰው አማካሪ የሚሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራት ነው። መምከርማ ሁሉም ይመክራል፤ የእኔ ጎረቤት ሳይጠየቅ ይመክራል። ጥያቄው ምክሩ ይታመናል ወይ ነው። ስለዚህ ማሽኔን ሦስት ጠባይ አስተምሬዋለሁ። የሚለውን ሁሉ ከነምክንያቱ ይናገራል። ያልገባውን «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰው ይጠየቅ» ይላል። ሰው ውሳኔውን ሲቀይርበት ደግሞ አያኮርፍም፤ እሺ ብሎ ማን ቀየረው፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት ብሎ ይመዘግባል። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ሰው እኛ ሰፈር ቢገኝ ጠዋት የዕድር ሊቀ መንበር አድርገን መርጠነው ማታ እናወርደው ነበር።

የጥናት አማካሪዬ ዶክተር ሰብለ ትባላለች። በዕድሜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች፤ በኮስታራነት ግን ከተወለድኩ ጀምሮ ያሳደገችኝ ይመስለኛል። አንቱ ትለኛለች። አንቱታዋን አክብሮት ነው ብሎ የሚደሰት ሰው ካለ አያውቃትም፤ በተናደደች ቁጥር ነው የሚበዛው። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ሦስት መቶ ገጼን ገለጥ ገለጥ አድርጋ፣ «እርስዎ ወረቀት ላይ በጣም ይታመናሉ» አለችኝ።

ማሽኔ ተቆጣጣሪዎቹ ወደሚለማመዱበት ክፍል እንዲገባ የእሷ ፊርማ ያስፈልጋል። ያ ፊርማ ከሌለ ስድስት ዓመቴ ስድስት ዓመት ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ልጆቼ ሲመረቁ እያጨበጨብኩ ተማሪ እንደ ሆንኩ ጡረታ እወጣለሁ። እሷ ደግሞ ለፊርማዋ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ አውሮፕላን በሌለበት፣ ማንም በማይጎዳበት ቦታ፣ በእውነተኛ ሰው ላይ ሲሠራ ልየው አለች። አንድ በር፣ ብዙ የቸኮለ ሰው፣ አንድ ማሽን። ካየሁ በኋላ እፈርማለሁ፣ ወይም አልፈርምም።

እንግዲህ በር ፍለጋ ወጣሁ። ሰበታ ታክሲ ተራ ሄጄ ተራ አስከባሪውን አነጋገርኩት። ላፕቶፔን ኮፈን ላይ ዘርግቼ ሩብ ሰዓት ሙሉ ገለጻ አደረግኩለት። በጽሞና ሰማኝና ማሽኑ ፉጨት ይችል እንደ ሆነ ጠየቀኝ። አይችልም አልኩት። ስድብስ አለኝ። እሱንም አላስተማርኩትም አልኩት። ታዲያ በምን ሊሠራ ነው ብሎ ትቶኝ ሄደ። እውነቱን ለመናገር በስድስት ዓመት ውስጥ ከደረሰብኝ የጥናት ትችት ሁሉ መልስ ያጣሁለት ይሄ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል የታላቅ እህቴ የእትዬ አስካለ ልጅ ልታገባ ሆነ። እትዬ አስካለ የሰበታ ሰው ናት። ሙሽራው የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ እስከ ጫንጮ ድረስ ተዘርግቷል። ሰርጉ የት ይሁን በሚለው ላይ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሦስት ጊዜ ተመራርቀው ተለያዩ። ሰበታ ይሁን ሲባል የሱሉልታ ሰው ራቀን አለ፤ ሱሉልታ ይሁን ሲባል የሰበታው ብርድ ነው አለ። በመጨረሻ መሃል ቦታ ቡራዩ ነው ተባለ። ቡራዩ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። አዳራሽ ፈልግ ተባልኩ።

እህቴ በሰርግ ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቡፌ። ከሦስት ዓመት በፊት ትልቁ ልጇ ሲያገባ የሙሽሪት ወገን ሽማግሌዎች ሳህን ይዘው እስኪደርሱ ክትፎው አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ጊዜ ትስማት የነበረች የልጇ አማት አንዴ ብቻ ትስማታለች፤ እሱንም ጉንጯን ሳትነካ። እህቴ ያቺን ሦስት የጎደለች ስሞሽ እንደ ቁስል ይዛት ትዞራለች። ስለዚህ ማን ወደ ቡፌ ቀድሞ እንደሚሄድ በሳይንስ የሚወስን ማሽን አለኝ አልኳት።

«ወንድሜ፣ ይሄ የአውሮፕላን ነው አላልከኝም?»

ለማሽኑ ልዩነት የለውም፣ አውሮፕላንም ሰውም ተራ ጠባቂ ነው አልኳት። ለእኔ ግን ልዩነት አለው አለች። ሆኖም ያቺ አማት በዚህኛውም ሰርግ ተጠርታ ነበርና ፍርሃቷ በለጠባት፤ ፈቀደች። ዶክተር ሰብለንም ጠራኋት። እመጣለሁ፣ ፎርሙንም ይዤ እመጣለሁ አለችኝ። ከደስታዬ ብዛት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጅ ነሣሁ።

ሦስት ሳምንት መረጃ ስሰበስብ ከረምኩ። ለእያንዳንዱ እንግዳ ዕድሜው ስንት ነው፣ ከየት ይመጣል፣ ሕመም አለበት ወይ እያልኩ እጠይቃለሁ፤ እህቴ ትነግረኛለች። ስትነግረኝ ግን ከጠየቅኳት በላይ ነው የምትነግረኝ። እነ እገሌ ከእነ እገሌ ፊት ሳህን አያነሡም፤ እሷ ታናሽ ናት፣ ታላቋ ሳትበላ ብትሞት አትበላም፤ እኚህ ሰውዬ ሦስቴ ካልተለመኑ አይነሡም። እኔም በትዕግሥት፣ እትዬ፣ ይሄ ለማሽኑ አያስፈልገውም እላት ነበር። ሳስበው ከነገረችኝ ሁሉ ያስፈልገው የነበረው እሱ ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩት የስኳር መጠን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሠላሳ ጠረጴዛ አለ፤ ቡፌው አንድ ነው። የሙሽሮቹ የልጅነት ፎቶ በሚታይበት ትልቅ ስክሪን ላይ ማሽኑ «ጠረጴዛ ይሄን ያህል፣ ወደ ቡፌ» ይላል፤ ከሥሩ ምክንያቱን ይጽፋል። በየጠረጴዛው ላይ በስልክ የሚነበብ ምልክት ለጥፌአለሁ። አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው፣ ማለትም የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን የያዘች፣ ሩቅ ተጓዥ፣ በስልኩ ይመዘግብና ማሽኑ ተራውን ያስቀድምለታል። ነዳጅ ያለቀበትን አውሮፕላን እንደምናስቀድመው ማለት ነው።

ቀኑ ደረሰ። የጥር እሑድ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ከራሴ ሰርግ ወዲህ ያልቆለፍኩትን ሙሉ ልብስ ለብሻለሁ፤ ያን ቀንም ቦርጬ አላስቆለፈኝም። ዶክተር ሰብለ ጠረጴዛ አምስት ላይ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ተቀምጣለች፤ ፎርሙ በደብተሩ ውስጥ ነጭ ጠርዙ ይታየኛል። የእኔ ወንበር ጠረጴዛ ሃያ ሁለት ላይ ነበር፤ የኮሌጅ ባልደረቦቼ አምስት ናቸው፣ ከእኔ ጋር ስድስት። ከእነሱ አንዱ ተሾመ ነው፤ እሱ ገና ሳልመረቅ ዶክተር እያለ የሚጠራኝ ለማክበር አይደለም። ጠረጴዛችን በሩ ሥር ስለ ነበር ከቡፌው ይልቅ ለጫንጮ ይቀርባል። ተሾመ የክትፎውን ድስት በሩቁ እያየ፣ «ዶክተር፣ እኛ የምናርፈው ነገ ነው መሰለኝ» አለኝ። በሳይንስ ጣልቃ አልገባም ብዬ ተኮሳተርኩበት። ይህን ኮስታራነቴን አስታውሱልኝ።

ቄሱ ባረኩ፤ በሱሉልታ በኩል ደግሞ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ መረቁ። አሁን ቡፌ ይከፈታል። ላፕቶፑን ተጫንኩት።

ማሽኑ ምን አለ መሰላችሁ? ቲንግ አለ። በአዳራሹ የድምፅ ማጉያ ሁሉ ቲንግ አለና በትልቁ ስክሪን ላይ፣ የሙሽሪት የሁለት ዓመት ፎቶ በነበረበት ቦታ፣ «ጠረጴዛ አንድ እና ሁለት፦ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው ይጠየቅ» ብሎ ጻፈ።

ጠረጴዛ አንድ ላይ የእኛ ወገን ሽማግሌ ጋሽ መኩሪያ አሉ፤ የሙሽሪት አባት ታላቅ ወንድም፣ የሰበታ ነባር፣ ሰማንያ አንድ ዓመት። ጠረጴዛ ሁለት ላይ የሙሽራው አያት ኦቦ ቱሉ አሉ፤ የጫንጮ ገበሬ፣ እሳቸውም ሰማንያ አንድ። ኦቦ ቱሉ ሩቅ መጥተዋል፤ ጋሽ መኩሪያ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሚዛኑ እኩል ነው። ማሽኑ እውነቱን ነው፤ አላውቅም አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ዶክተር ሰብለ እስክሪብቶዋን አነሣች። ስድስት ዓመት ያስተማርኩት ማሽን መጀመሪያ በሕዝብ ፊት የተናገረው ቃል አላውቅም ይሆናል? አንድ ቁልፍ አለችኝ፤ ለሙከራ ጊዜ የሠራኋት፣ «ጥርጣሬን ደብቅ» የምትል። ተጫንኳት። ድምፁ ጠፋ፤ ከስክሪኑም ጽሑፉ ጠፋ። ማሽኑ መጠራጠር ሲከለከል እንደ ማንኛችንም አደረገ፤ ደፍሮ መለሰ። «ጠረጴዛ ሁለት፣ ወደ ቡፌ። ምክንያት፦ ሩቅ ተጓዥ።»

ኦቦ ቱሉ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እስከ ቡፌው ሄዱ። ሳህን ሊያነሡ ሲሉ ዘወር ብለው አዩ፤ ጋሽ መኩሪያ እንደ ተቀመጡ ናቸው። የዕድሜ እኩያቸው፣ የሙሽሪት ወገን፣ የድግሱ ባለቤት ተቀምጦ እሳቸው ሊቀድሙ! ሳህኑን መልሰው አስቀምጠው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአየር ላይ እረፍ የተባለ አውሮፕላን ሳያርፍ ከተመለሰ ዞሮ ከተሰለፉት ኋላ ይገባል። ደንቡ ነው። ማንም አይቀየምም፤ አውሮፕላን ይሉኝታ የለውም። የእኔም ማሽን ይህን አጥብቆ ተምሯል። ግድግዳ በሚያህል ፊደል ጻፈው።

«ጠረጴዛ ሁለት፦ ወደ ሠላሳኛ ተራ ተዛውሯል። ምክንያት፦ የተሰጠውን ዕድል አልተጠቀመም።»

የሱሉልታ ወገን ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ሲያነብለት ሰማሁ። እህቴ ከወዲያ ጥግ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

ማሽኑ ቀጠለ። «ጠረጴዛ አንድ፣ ወደ ቡፌ።» ጋሽ መኩሪያ ግን እንግዳቸው ሠላሳኛ ተብሎ እሳቸው ሊበሉ አይደለም። ተነሡ፤ ቡፌውን በጀርባቸው ጥለው ወደ ኦቦ ቱሉ ሄዱና እጃቸውን ያዙ። ኦቦ ቱሉም ተነሡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በአዳራሹ መሃል ቆመው ይገፋፉ ጀመር። የአክብሮታቸው ብዛት ደግሞ እያንዳንዳቸው በሌላው ቋንቋ ነበር የሚለምኑት፤ የሰበታው በኦሮምኛ፣ የጫንጮው በአማርኛ።

«ላኪ፣ ላኪ፣ ኢሲን ዱርሳ» ይላሉ ጋሽ መኩሪያ።

«አይሆንም፣ እርስዎ ይቅደሙ፤ አፈር ስሆን» ይላሉ ኦቦ ቱሉ።

ማሽኑ ጠረጴዛ አንድንም ሃያ ዘጠነኛ አደረገው። ኦቦ ቱሉ ዞረው ስክሪኑን አዩና ምን አለ ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው ፊታቸው በራ፤ አሁን ጋሽ መኩሪያ በአንድ ቀድመዋቸዋል። ጋሽ መኩሪያ ሲሰሙት አዘኑ።

የቀረው አዳራሽ እንደ ሐውልት ደርቋል። ሽማግሌ ሳይበላ ማን ሳህን ያነሣል? ማሽኑ ጠረጴዛ አራትን ጠራ፤ አልተነሡም፤ ወደ ሃያ ስምንተኛ። ጠረጴዛ ሰባትን ጠራ፤ አልተነሡም፤ ወደ ሃያ ሰባተኛ። በዚህ አኳኋን ሠላሳውም ጠረጴዛ መጨረሻ ሊሆን ነው። በመጨረሻ «ጠረጴዛ ዘጠኝ፣ ምክንያት፦ የስኳር ሕመምተኛ» ሲል አንዲት ሴትዮ ጤና ነው እንግዲህ ብለው ተነሡ፤ ማንም አልተቀየማቸውም። ሕመም ይሉኝታን እንደሚያሸንፍ ያን ጊዜ ሁሉም አየ። ምክንያቱ ተጽፎ ነበራ! ማሽኔ ምክንያቱን የማይደብቅ ማሽን ነው፤ ሦስተኛው ምዕራፌ በሙሉ ስለዚህ ነው።

ስልኮች ወጡ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ አዳራሹ ሆስፒታል ሆነ። ዐሥራ አራት የስኳር ሕመምተኞች ተመዘገቡ፤ አንዱ ከኬኩ ሁለት ቁራጭ ሲበላ በዓይኔ ያየሁት ነው። ጠረጴዛ ዐሥራ ሰባት ላይ የመቶ አራት ዓመት አዛውንት አሉ ተባለ፤ ሄጄ ሳይ በዕድሜ ትልቁ ሰው የሚዜው ሾፌር ነው። የቡራዩ ልጆች፣ በእግር መመለስ የሚችሉት፣ ከጅቡቲ ጠረፍ መጣን ብለው መዘገቡ። ጠረጴዛ ሃያ ስድስት አንዲቱን ሕፃን ለሦስት ጠረጴዛ አከራዩዋት። ማሽኑ ሁሉንም አመነ። መታመንን አስተማርኩት እንጂ መጠርጠርን ያስተማረው የለም፤ ያቺን ትንሽ የነበረችውን ጥርጣሬም እኔ በቁልፍ ዘግቼበታለሁ። እኔም ላፕቶፑን ታቅፌ፣ ሰው ለአንድ ጭልፋ ክትፎ ብሎ እንዴት ጤናውን ይዋሻል እያልኩ በቁጣ እንቀጠቀጥ ነበር። በመሃሉ ጠረጴዛ ሃያ ሁለትም ተጠርቶ በላ። እሱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አስቸኳይ ሰው ሲበዛ ማሽኑ ሌላ የተማረውን አመጣ። ማኮብኮቢያው ከተጨናነቀ አውሮፕላኖቹ በአየር ላይ እየዞሩ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስድስት ጠረጴዛዎችን በአንድ ጊዜ ጠራና፣ ቡፌው ስለ ተጨናነቀ በቀኝ በኩል እየዞራችሁ ጠብቁ አለ። ሰውም ባዶ ሳህኑን ይዞ አዳራሹን መዞር ጀመረ። ከሙሽሮቹ ወንበር ኋላ ገብቶ በኬኩ በኩል ይወጣል፤ እንደገና ይገባል። ሳህን ከሳህን ይጋጫል። ኦርጋን ተጫዋቹ ምሳውን እየጠበቀ አንቀላፍቶ ነበር፤ ቀና ሲል ሕዝቡ በክብ ሲዞር አየ። ጭፈራ ተጀምሮ እኔ ተኝቻለሁ ብሎ ደንግጦ ዘፈኑን ለቀቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላስተካክለው አልችልም። የሰበታው ወገን ሳህኑን ደረቱ ላይ ይዞ እስክስታ ወረደ። የሱሉልታው ወገን በዱላ ፋንታ ሹካ ይዞ በረገዳ መሬቱን ደቀደቀው። ሙሽራው ኮቱን ጣለ። ሙሽሪት ቬሏን ሰብስባ ሳህን ተቀብላ ገባች። ቄሱ እንኳ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ሳህናቸውን በጣታቸው ይመቱ ነበር። የመቶ አራት ዓመቱ ሾፌር በአንገቱ ሲወርድ ላየው መቶ አምስተኛውን የሚደፍን አይመስልም። ማሽኑ በሥነ ሥርዓት ወረፋ የጠበቀ ሕዝብ አየ መሰለኝ፤ ስክሪኑ ላይ «ፍሰቱ መልካም ነው» ብሎ ጻፈ።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን በዚያ አዙሪት መሃል እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ቆመዋል። አልበሉም። የክትፎው ድስት ደግሞ ሲጋደል አየሁት። ያቺ አማት ከጠረጴዛ ስምንት ሆና ድስቱን ታያለች፤ ከድስቱ ወደ እህቴ፣ ከእህቴ ወደ ድስቱ። ዶክተር ሰብለ ፎርሙን ከደብተሯ አውጥታ ወደ ቦርሳዋ ስትከተው ይህን ሁሉ ረሳሁት። ስድስት ዓመቴ ዚፕ ሲዘጋበት ሰማሁ።

እህቴ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ላፕቶፔን አዞረችው። ከትልቁ ስክሪን የደበቅኩት ጽሑፍ በላፕቶፑ ጥግ፣ በትንሹ፣ ተደራርቦ ተቀምጧል። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሰው ይጠየቅ። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሰው ይጠየቅ። እስከ ታች ድረስ ወረደችበት።

«ማሽኑ ሰው ጠይቅ እያለህ ነው» አለችኝ። «አንተ ማንን ጠየቅህ?»

ወደ ቡፌው ሄዳ ትልቅ ትሪ አነሣች። ከክትፎው ሩቡን ገለበጠችበት፤ አይቡን፣ ጎመኑን፣ ዶሮውን አከለችበት። በሚጨፍረው ሕዝብ መሃል ትሪውን በራሷ ላይ ከፍ አድርጋ አልፋ፣ አንድ ጠረጴዛ አስመጥታ በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል አኖረችው። ከወዲህ አንዱን፣ ከወዲያ አንዱን አስቀመጠቻቸው። በአንድ ትሪ የሚበላ ቀዳሚ የለውም አለቻቸው። ዓይናቸው በራ። እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያ ግን ማን ይጀምር ተብሎ እንደገና ተያዩ፤ ጋሽ መኩሪያ «ዱርሳ» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ እህቴ ሁለታችሁም ጠቅልሉ አለች። ጠቀለሉ። አጉርሱ አለች። በአንድ ጊዜ፣ የአንዳቸው ጉርሻ በሌላው አፍ ውስጥ ገባ። የአንድ ሰከንድ ልዩነት ቢኖር ምስክር ነበርኩ፤ አልነበረም።

አዳራሹ በእልልታ ተነቃነቀ። የሰው ይሉኝታ ሁሉ በዚያች ጉርሻ ተፈታ። ከዚያ በኋላ ማንም ስክሪን አላየም፤ እህቴ ቡፌው ራስ ላይ ቆማ በዓይኗ ብቻ ጠራቻቸው። እገሌን ሦስቴ ለምና፣ እገሊትን ከታላቋ በኋላ አስነሥታ፣ የተኳረፉትን በሁለት ጫፍ አስገብታ፣ ሠላሳ ጠረጴዛ በሃምሳ ደቂቃ አበላች። ክትፎው ተረፈ። ያቺ አማት ስትሰናበት እህቴን አራት ጊዜ ሳመቻትና ቆም ብላ አምስተኛ ጨመረች። እህቴ እስከ ዛሬ ያንን ጉንጭ በጥንቃቄ ነው የምትታጠበው።

እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ሄጄ ተደብቄ ነበር። ዶክተር ሰብለ ወንበር ስባ ከአጠገቤ ተቀመጠች፤ መዝገቡን አሳዩኝ አለች። ማሽኑ የጻፈውን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ አነበበች። የመጀመሪያው መስመር «እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰው ይጠየቅ» ነው። ሁለተኛው መስመር፣ ጥርጣሬው ተደበቀ፣ የደበቀው፦ ተመራማሪው፣ ምክንያት፦ አልተጻፈም የሚል ነው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ፎርሙን አወጣች።

«ማሽንዎን አምኜዋለሁ» አለችኝ። «ከመነሻው አላውቅም ያለው እሱ ብቻ ነው። እርስዎን ገና እያነበብኩ ነው።»

ፈረመች። አዎ፣ ፈረመች። ማሽኔ በሚቀጥለው ወር ተቆጣጣሪዎቹ ዘንድ ይገባል። ፎርሙ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቴ እንግዳ ሲመጣ ከፊርማው ይልቅ ከሥሩ በእጅ የተጻፉትን ሁለት ግዴታዎች ነው የምታሳየው። አንደኛው፣ «ጥርጣሬን ደብቅ» የሚለው ቁልፍ ከማሽኑ ላይ ይነሣ ይላል። ምክንያቱን ነግሬአችኋለሁ። ሁለተኛው፣ ተመራማሪው በሙከራ ወቅት የማሽኑን ውሳኔ መቀየር አይፈቀድለትም ይላል። የዚህን ምክንያት ደግሞ ሽማግሌዎቹን፣ ጭፈራውን፣ ክትፎውን እያልኩ እስካሁን ሳዘገየው ቆይቻለሁ።

መዝገቡ መሃል ላይ፣ ሁለቱ አዛውንት ይገፋፉ በነበረበት፣ ሁሉም ዓይን ወደ እነሱ በነበረበት ሰዓት፣ አንድ መስመር ነበር። ዶክተር ሰብለ ጣቷን አኖረችበት። «ጠረጴዛ ሃያ ሁለት፦ ከሃያ ስድስተኛ ወደ ሦስተኛ ተዛወረ። ውሳኔውን የቀየረው፦ ተመራማሪው። ምክንያት፦ ነፍሰ ጡር፣ ስምንት ወር።»

«እንኳን ደስ ያለዎት ልላቸው ፈልጌ ነበር» አለች። «የትኛዋ ናቸው?»

ጠረጴዛችንን ዞራ አየችው። ስድስት ሰዎች ነን፤ ስድስታችንም ጎልማሳ ወንዶች፣ ስድስታችንም ጺማም። ተሾመ ሳህኑን ማየት ጀመረ። የእሷ ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ ሄደና ያልተቆለፈው ኮቴ ላይ ቆመ።

ነፍሰ ጡሯ እኔ ነበርኩ።